ያረጀ ኮምፒውተርን ለዛሬ ካሜራ ፎቶ ማብቃት

ጥር ሲገባ በጎንደር ካሜራ የያዘ ሰው ዕረፍት የለውም። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ በማግሥቱ በዓሉ ሲከበር፣ ከዚያም ሰርጉ ሲከታተል የካሜራው ካርድ በየቀኑ ይሞላል። ችግሩ የሚጀምረው ማታ ካርዱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ነው፤ ካሜራው አዲስ ሆኖ ኮምፒውተሩ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ከሆነ አንዱን ፎቶ ለመክፈት እንኳ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ወዲያው አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ያስባል። እኔ ግን ገንዘቡ በመጀመሪያ ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል) ላይ፣ ቀጥሎም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ቢውል በአብዛኛው የተሻለ ነው እላለሁ።

ከሁሉ በፊት የአንድ ፎቶ ክብደት መታወቅ አለበት። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በሮው (ጥሬውን ምስል ሳያቀነባብር በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) የሚያነሣው ፎቶ ካርዱ ላይ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይይዛል። አንዱን ፎቶ ብቻ በድሮው ባለ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ዲስክ እናስቀምጥ ብንል ቢያንስ 18 ፍሎፒ ያስፈልገናል። ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ግን የታመቀ ነው፤ በፎቶሾፕ ሲከፈት እያንዳንዱ ፒክስል ለሦስቱ ቀለማት ለየብቻ ቦታ ስለሚወስድ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት ሲመደብ 72 ሜጋባይት፣ 16 ቢት ሲመደብ ደግሞ 144 ሜጋባይት ራም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንዲኖር ይመከር የነበረው ራም 128 ሜጋባይት እንደነበር ስናስታውስ፣ የዛሬው አንድ ፎቶ ብቻውን የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ራም ሙሉ በሙሉ ይሞላ እንደነበር እንረዳለን። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያለ ብልጭታ በተለያየ የብርሃን መጠን አምስት ጊዜ አንሥተው በአንድ ባለ 16 ቢት ፋይል ውስጥ ቢደርቡት፣ ገና እርማት ሳይጀምሩ 720 ሜጋባይት ያህል ተይዟል ማለት ነው።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩን የሚያንቀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይለዩ። እንደ ወትሮው አሥር ያህል ፎቶዎች ከፍተው እየሠሩ ሳሉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን በአንድነት ተጭነው የራሙንና የዲስኩን አጠቃቀም የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ። ራሙ ሊሞላ ተቃርቦ ዲስኩም መቶ በመቶ ላይ ከቆመ፣ ያነሰው ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ በራሙ ያጣውን ቦታ ከዲስኩ እየተበደረ ነውና። ራሙ ሰፊ ቦታ እያለው ዲስኩ ብቻ ከተጨናነቀ ግን ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ የትኛውም ያህል ራም ቢጨመርበት ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ የሚፈቅድ ከሆነ መጀመሪያ ወደ 64 ቢት ይቀይሩት።

ራም ሲገዙ በነባሩ ራም ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብበው፣ ቢቻል ራሙን ራሱን ነቅለው ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱ። ዲዲአር 2፣ ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አይለዋወጡም፤ ከታች ያለችው ቀዳዳ ቦታዋ ስለሚለያይ በግድ መግጠም ማስገቢያውን ይሰብራል። በላፕቶፕ ላይ ራሙን ጋደም አድርገው ወርቃማው ጠርዝ እስኪሰወር ያስገቡና፣ የግራና የቀኙ መያዣ ቀጭ የሚል ድምፅ እስኪሰጥ ወደ ታች ይጫኑት። ከመንካትዎ በፊት ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ባትሪውን ያውጡ፣ እጅዎንም ብረት ላይ ያሳርፉ። ለሮው ፎቶ ሥራ 8 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው፤ ማዘርቦርዱ (ራሙ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ከተቀበለ 16 ያድርጉት።

ወደ ዲስኩ ስንመጣ፣ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ማንበቢያው ወደሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ በየጊዜው 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጠፋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ የፎቶ ምስሎች ሲጫኑ የምናየው መዘግየት የሚመጣው ከዚህ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ይህ መዘግየት የለበትም። ዊንዶውስና ዘንድሮ የሚሠሩባቸው ፎቶዎች በኤስኤስዲው ላይ ይሁኑ፤ የወጣው ሃርድ ዲስክም ገና ጤነኛ ከሆነ በዩኤስቢ መያዣ ውስጥ ገብቶ ለመጠባበቂያ ያገለግላል።

የካርድ ማንበቢያውን ብዙዎች ይረሱታል። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች ኤስዲኤክስሲ ስለሚባሉ በቆዩ ላፕቶፖች ላይ ያለው ማስገቢያ ላያውቃቸው ይችላል፤ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅ በፍጹም አይፍቀዱ። በዩኤስቢ 2 ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ለመገልበጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ቀለም ያለው የዩኤስቢ 3 ማስገቢያ ካለው ለእሱ የሚሆን ማንበቢያ ቢገዙ ጊዜው በብዙ ያጥራል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ፎቶን ከካርድ ላይ ቆርጦ መለጠፍ ትልቅ አደጋ ነው። ሁልጊዜ ኮፒ ያድርጉ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ይኑረው፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪው ሳይሞላ ሥራውን አይጀምሩ። የፎቶዎቹን ማኅደር (ፎልደር) በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል «2018-05-11 ጥምቀት» ብለው ቢሰይሙት ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ይደረድረዋል። ከዚያ በውጭ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ያኑሩ፤ የፋይሎቹ ብዛት በሁለቱም ቦታ እኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከየቅጂውም ጥቂት ፎቶዎችን እስከ ሙሉ መጠናቸው አጉልተው ይመልከቱ። ካርዱን ፎርማት ማድረግ የሚፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በኮምፒውተሩ ሳይሆን በካሜራው ላይ ይሁን።