ጥቁሩን ሞት ለተማሪ እንዴት እናስረዳ?

አዳማ ውስጥ ማታ ማታ የጎረቤት ልጆችን ታሪክ አስጠናለሁ። የሚያስቸግራቸው ርዕስ ጥቁሩ ሞት ነው፤ ያ በመካከለኛው ዘመን በጥቂት ዓመታት ከአውሮፓ ሕዝብ ቢያንስ ሲሶውን የፈጀው ቸነፈር። ዓመተ ምህረቱን ሸምድደው ይመጣሉ። "እንዴት ተዛመተ?" ስላቸው ዝም።

መጀመሪያ ደብተሩን አስዘጉ። ከመንገድ ጀምሩ። የአዳማ ልጅ ከጅቡቲ የተነሳ ከባድ መኪና በአዋሽ፣ በመተሃራ አድርጎ እንደሚመጣ ያውቃል። ቸነፈሩ ግን በፈረንጆች 1347 የመጣው በመርከብ ነው በሉት። የጄኖቫ ነጋዴዎች ከካፋ (የኛው ከፋ አይደለም፣ ክራይሚያ ያለችው ወደብ ናት) ሸሽተው በጥቅምት ሲሲሊ ውስጥ መሲና ገቡ። መርከቡ ላይ አይጥ አለ፣ አይጡ ላይ ቁንጫ፣ ቁንጫው ሆድ ውስጥ ባክቴሪያ። ማርሴይ፣ ከዚያም በ1348 ፍሎረንስ፣ ካይሮ፣ ለንደን እያለ ቀጠለ። ከተሞቹን ወረቀት ላይ በመስመር ያገናኝ። "ንግዱን ተከትሎ ነዋ!" ካለ ገብቶታል።

ምልክቱ ላይ ስትደርሱ ንፍፊት በሉ። እግሩ ቆስሎ ብሽሽቱ ያበጠበት ልጅ ወዲያው ይገባዋል። ቁንጫ ብዙ ጊዜ እግር ስለምትነክስ የቸነፈሩም እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ብሽሽት ላይ ነው፣ አንዳንዴም ብብት ወይም አንገት ላይ፣ እንቁላል እስኪያክል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት አለው። ሳንባ ከገባ በሳል ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ ያኔ ያለ መድኃኒት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ሕክምናው ላይ ልጆች ይስቃሉ። አታስቋቸው። የፓሪስ ሐኪሞች በ1348 ጥፋቱን በ1345 በተገናኙት ፕላኔቶች ላይ አደረጉት፣ አየሩን የመረዙት እነሱ ናቸው አሉ። አየር ከተመረዘ ደግሞ ሽታ ያለው ቅጠል ማሽተት፣ ኮምጣጤ መርጨት፣ ደም ማፍሰስ፣ እብጠቱን መብጣት ትክክል ይመስላል። ማይክሮስኮፕ የሌለው ሰው ሌላ ምን ያያል? የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሐኪም ጊ ደ ሾሊያክ ፈረንሳይ ያለችው አቪኞን ቀርቶ ሲያክም ራሱ ታመመ፣ ተረፈ፣ ያየውንም ጻፈ። ይህን ሰው ሳትነግሯቸው አትለፉ።

ውጤት ያስገኘው መላ ሰው መለየት ነው። ራጉዛ (የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ ክሮኤሺያ ያለችው ወደብ) በ1377 ከታመመ አገር የመጣውን 30 ቀን አገለለች። በኋላ 40 ሆነ፤ አርባ በጣልያንኛ ኳራንታ ነው፣ ኳራንቲን የመጣው ከዚያ ነው። ኮሮናን ያስታውሳሉ፣ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ባለ መንቁር ጭንብል ያደረገውን ሐኪም ሥዕል ይዘው ከመጡ አስወጡት፣ እሱ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

"አሁንም አለ?" ማለታቸው አይቀርም። አለ። ማዳጋስካር ውስጥ በፈረንጆች 2017 ተቀስቅሶ ነበር። ግን በጊዜ ሐኪም ጋ ከተደረሰ በአንቲባዮቲክ ይድናል በሏቸው።