ሊኑክስ ላይ ድምጽ ሲጠፋ፦ ፎርማት ከማድረግ በፊት

ድምጹ የጠፋ ላፕቶፕ ፒያሳም ሆነ መርካቶ ለጥገና ሲወሰድ ቶሎ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። ሊኑክስ ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው፤ የሳውንድ ካርድ ድራይቨሮች አልሳ በሚባለው ክፍል ውስጥ ሆነው ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር አብረው ይመጣሉ፣ እንደ ዊንዶውስ ከአምራቹ ገጽ እየፈለጉ የሚጭኑት ነገር እምብዛም የለም። የሚያስፈልገው ድምጹ የት ላይ እንደቆመ ማግኘት ነው። ከፋየርፎክስ ወይም ከቪኤልሲ የወጣ ድምጽ መጀመሪያ ፓይፕዋየር ወደሚባለው አከፋፋይ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አልሳ፣ ከአልሳ ወደ ካርዱ። ፍተሻችን ከታች፣ ከካርዱ ይነሳል።

ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው ጽፈናቸዋል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው የሚጻፉት፤ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ አስቀድማችሁ ቀይሩት።

መጀመሪያ «ኤፕሌይ» («ኤ» ፊደልና «ፕሌይ» ተያይዘው)፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ትንሿን «ኤል» ጻፉ። እዚህ ላይ ኤልን በቁጥር 1 መተካት የተለመደ ስህተት ነው። «ካርድ 0» ብሎ የሚጀምርና «አናሎግ» የሚል መስመር ከወጣ ከርነሉ ካርዱን አይቶታል፤ ድራይቨር ፍለጋውን ተዉትና ከታች ወዳለው ሚክሰር (የድምጽ መጠን መቆጣጠሪያ) እለፉ።

ምንም ካርድ ካልወጣ፣ ወይም የወጣው ኤችዲኤምአይ ብቻ ከሆነ፣ «ኤልኤስፒሲአይ ሰረዝ ኬ» በሉና «ኦዲዮ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ጭራሽ ከሌለ ቢዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ኦዲዮው ተዘግቶ እንደሆነ እዩ። መስመሩ ኖሮ ሥሩ ድራይቨር ካልተጻፈ ወይም በስሙ ውስጥ «ሶፍ» የሚል ካለ፣ የጎደለው ፈርምዌር (ቺፑ እንዲሠራ የሚጫንለት ፋይል) ሊሆን ይችላል። ከ2019 ገደማ ወዲህ የወጡ፣ ማይካቸው አብሮ የተሠራ ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ያለዚህ ፋይል ድምጽ አያወጡም። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ፓኬጁ «ፈርምዌር-ሶፍ-ሳይንድ» (የመጨረሻው ቃል «የተፈረመ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው)፣ ፌዶራ ላይ «አልሳ-ሶፍ-ፈርምዌር» ይባላል። ዋይፋይ በአቅራቢያ ከሌለ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አያይዛችሁ ዳታውን አጋሩት፤ ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ጭነት ይቀበለዋል። ከጫናችሁ በኋላ ሪስታርት ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፉና አብሩ።

ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን በተጫኑበት ማሽን ላይ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ዊንዶውስ «ፈጣን መነሻ» ሲበራለት ሲዘጋ በትክክል አይጠፋም፤ ካርዱን ለሊኑክስ በማይመች ሁኔታ ላይ ትቶት ሊሄድ ይችላል። ሺፍትን ይዛችሁ ዊንዶውስን ዝጉና እንደገና ሞክሩ።

አሁን ወደ ሚክሰሩ። ካርዱ ታይቶ ድምጽ በማይኖርበት ጊዜ መልሱ በብዛት የሚገኘው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። «አልሳሚክሰር» ብላችሁ ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚታየው የፓይፕዋየር አንድ ዓምድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው እሱን እስከ ላይ ከፍ አድርጎ «ሞልቷል» ብሎ ይዘጋዋል። ኤፍ 6ን ተጫኑና እውነተኛውን ካርድ ምረጡ። ያኔ ማስተር፣ ሄድፎን፣ ስፒከር የሚሉት ዓምዶች ይዘረገፋሉ። ከዓምዱ ግርጌ «ኤምኤም» ከተጻፈ ተዘግቷል፤ «ዜሮ ዜሮ» ከሆነ ክፍት ነው። በግራና ቀኝ ቀስት ዓምዱ ላይ ቁሙ፣ የኤም ቁልፍን ተጭናችሁ ክፈቱ፣ በላይ ቀስት ከፍ አድርጉ። ማስተር ተከፍቶ ስፒከር ዝግ መሆኑ በጣም የተለመደ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓምዶች ላይ «ኦቶ-ሚውት» የሚል ካለ ዲሴብልድ አድርጉት፤ ጃኩ (የሄድፎን መሰኪያው) ያረጀ ላፕቶፕ ሄድፎን የተሰካ እየመሰለው ስፒከሩን የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ማይክ ከሆነ ችግሩ ኤፍ 4 ወደ መቅጃው ክፍል ይወስዳችኋል፤ እዚያ ዓምዱ የሚከፈተው በስፔስ ቁልፍ ነው። ስትጨርሱ «ሱዶ አልሳሲቲኤል ስቶር» ብላችሁ አስቀምጡት፤ «ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ ቃል ነው።

ኤፕሌይ ካርዱን እያሳየ ሴቲንግ ውስጥ «ደሚ አውትፑት» (የውሸት መውጫ) ብቻ ከታየ የቆመው አከፋፋዩ ፓይፕዋየር ነው። ፌዶራ ከ34ኛው እትም (2021)፣ ኡቡንቱ ከ22.10 ጀምሮ የሚጠቀሙት ፓይፕዋየርን ነው፤ በዚያ ላይ ዋየርፕላምበር የሚባል ተቆጣጣሪ አለ። «ሲስተምሲቲኤል ሰረዝ ሰረዝ ዩዘር ሪስታርት» ብላችሁ የሦስቱን ስም አስከትሉ፦ ዋየርፕላምበር፣ ፓይፕዋየር፣ ፓይፕዋየር-ፐልስ። ሱዶ አትጨምሩበት፤ አገልግሎቶቹ የሚሠሩት በእናንተ አካውንት ሥር ነው።

ከዚያ «ፓቩኮንትሮል» የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑ። የመጨረሻው ትር ላይ ለካርዱ «አናሎግ ስቴሪዮ ዱፕሌክስ» ምረጡ፤ «ኦፍ» ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱ ተገኝቷል። ቪዲዮ እየተጫወተ የመጀመሪያውን ትር ስትከፍቱ ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮግራም ድምጹን ወደየት እንደሚልክ ታያላችሁ። ቲቪ ወይም ፕሮጀክተር በኤችዲኤምአይ ከተሰካ ድምጹ ወደዚያ ሄዶ ይሆናል፤ ለስብሰባ የሚዞሩ ላፕቶፖች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ድምጽ ኖሮ ጥራት ሲጎድለውስ? ቻርጀር ሲሰካ የሚጀምርና ሲነቀል የሚቆም «እምምም» የሚል ጩኸት የድራይቨር ችግር አይደለም። አርዝ በሌለው ሶኬት ላይ፣ በተለይ ላፕቶፑ ከአምፕሊፋየር ጋር ሲያያዝ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ኸርዝ ንዝረት ወደ ድምጹ ይገባል። በአሮጌ ቤቶች ይህን ጠርጥሩ። በባትሪ ሞክሩ፤ ከጠፋ ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ ወይም በድምጽ ገመዱ መሃል ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር (ጩኸቱን የሚያግድ ትንሽ ዕቃ) አስገቡ። የቻርጀሩን ሦስተኛ እግር መስበር ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ለሕይወት ያሰጋል።

ድምጹ ሲጀምርና ሲያቆም «ጠቅ» የሚል ከሆነ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ እየተኛ ነው። የኤስኤንዲ-ኤችዲኤ-ኢንቴል ድራይቨር «ፓወር ሴቭ» የሚለውን ቁጥር ዜሮ ስታደርጉት ይቆማል፤ ባትሪ ግን ትንሽ ይበላል። ብሉቱዝ ሄድፎን ደግሞ ጥሪ ላይ ሲሆን ድምጹ እንደ ድሮ ስልክ የሚቀጥነው ማይኩን ለማስገባት ከኤቱዲፒ (ለሙዚቃ የሚሆነው የብሉቱዝ አሠራር) ወደ ኤችኤፍፒ (ለጥሪ የሚሆነው) ስለሚቀየር ነው። የላፕቶፑን ማይክ ብትመርጡ ጥራቱ ይመለሳል።

ጃኩ ወይም ቺፑ ራሱ ከሞተ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዙ። የተለመደውን የዩኤስቢ ኦዲዮ ደረጃ የሚከተሉት ሁሉ ተጨማሪ ድራይቨር ሳይጫን ይሠራሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ በራሳችሁ ላፕቶፕ ሰክታችሁ ኤፕሌይን ድገሙት፤ አዲስ ካርድ ከዝርዝሩ ላይ ካልተጨመረ ሌላ ይሰጣችሁ። በሁለቱም ጆሮ አዳምጡ፣ ማይኩንም አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድታችሁ ስሙት፤ ርካሾቹ ላይ የማይኩ ቀዳዳ ችግር ሊኖርበት ይችላል።