በእንግሊዝ የትዳር ጓደኛ ቪዛ ማመልከቻ ላይ ቀደም ሲል የተወሰደ የመንግሥት ድጎማን ስለማሳወቅ

ከጎጃም ወደ ብሪታንያ በትዳር ጓደኛ ቪዛ ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመሩ ቤተሰቦች አብዝተው የሚፈሩት፣ በዚያ የሚኖረው ባል ወይም ሚስት ከመንግሥት ድጎማ ወስዶ ያውቅ እንደሆነ የሚነካውን ጥያቄ ነው። «ቤኔፊት ወስዷል ካልን ይከለክሉናል» የሚለው ወሬ ከቢቸና እስከ ፍኖተ ሰላም ይሰማል። ወሬው ትክክል አይደለም። ስፖንሰሩ፣ ማለትም በዚያ የሚኖረው የትዳር ጓደኛ፣ የብሪታንያ ዜጋ፣ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ባለቤት ወይም ስደተኛነቱ የጸደቀለት ሰው ከሆነ፣ ድጎማውንም የወሰደው ሕጉ ፈቅዶለት ከሆነ፣ መውሰዱ ብቻውን ቪዛ አያስከለክልም። የወሰደውን መደበቅ ወይም በሐሰት መመለስ ግን ማመልከቻውን ውድቅ ሊያስደርግና ወደፊት የሚቀርበውንም ማመልከቻ ሊያበላሽ ይችላል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በክልላችን ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ቅጹን ለንደን ወይም በርሚንግሃም ያለው የትዳር ጓደኛ ሞልቶ መላኩ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በሕግ ፊት አመልካቿ እዚህ ያለችው ሚስት ናት፤ የተሞላው ሁሉ እውነት ነው የሚለው ማረጋገጫም የሚሰጠው በእርሷ ስም ነው። ስለዚህ ባልየው የወሰደውን ድጎማ ሚስቱ ሳታውቀው ቅጹ መላክ የለበትም። ልጃችን በውጭ አገር ከመንግሥት እጅ ይቀበላል መባሉን ቤተሰብ እንደ ነውር ስለሚያየው፣ ብዙ ወንዶች ነገሩን ከአማቶቻቸው ብቻ ሳይሆን ከሚስታቸውም ይሰውራሉ፤ ሥራ ላጣ፣ ለታመመ ወይም ልጅ ለሚያሳድግ ሰው በሕግ የተፈቀደ ገንዘብ በመሆኑ ግን የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ሁለቱ በስልክ ተነጋግረው የድጎማውን ዓይነት፣ የጀመረበትንና ያበቃበትን ወር፣ የተወሰደበትንም ምክንያት በወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ቀጥሎ ጥያቄዎቹን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው አመልካቿ ራሷ በብሪታንያ የሕዝብ ገንዘብ ተቀብላ ታውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው ነው። ብሪታንያን ረግጣ የማታውቅ ሴት መልሷ «አልተቀበልኩም» ነው፤ በቀበሌዋ በሴፍቲኔት መታቀፏ፣ የእርዳታ እህል መውሰዷ ወይም የአባቷ ጡረታ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። ቀድሞ እዚያ ኖራ የነበረች ከሆነ ደግሞ፣ በብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ መታከምና ልጅን በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር የሕዝብ ገንዘብ እንደ መቀበል አይቆጠሩም፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ሥራ ለሌለው ወይም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ድጎማ)፣ የቤት ኪራይ ድጎማና የልጆች አበል ግን ይቆጠራሉ።

ሌላው ስፖንሰሩ አሁን የሚያገኘውን ድጎማ የሚመለከት ሲሆን፣ የሚጠየቀውም የገቢ መመዘኛውን ስለሚወስን ነው። ከሚያዝያ 11 ቀን 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ለአዲስ አመልካቾች የሚጠየቀው ዝቅተኛ ዓመታዊ ገቢ 29,000 ፓውንድ ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ የልጆች አበልና የቤት ኪራይ ድጎማ በዚህ ገቢ ውስጥ አይደመሩም፤ በሕግ የተደነገገ የወሊድና የሕመም ክፍያ ግን ይደመራል። ስፖንሰሩ የአካል ጉዳት ድጎማ ወይም ለአስታማሚ የሚሰጠውን አበል የሚያገኝ ከሆነ 29,000 ፓውንዱ አይጠየቅም፤ በምትኩ የቤት ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ገንዘብ ቤተሰቡን ለማኖር እንደሚበቃ ማሳየት ይበቃዋል። እንዲህ ያለውን ድጎማ በፍርሃት የሚደብቅ ሰው የሚጠቅመውን ማስረጃ በገዛ እጁ ያስቀራል።

ያለፈው ድጎማ የሚገለጠው ብዙ ጊዜ በባንክ ስቴትመንት ነው። በአንድ ቀጣሪ ዘንድ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሠራ ስፖንሰር የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀትና የእነዚያኑ ወራት የባንክ ስቴትመንት ያቀርባል። ከደመወዙ በታች የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ምሕጻረ ቃል፣ ዲ ደብሊው ፒ፣ ያለበት አንዲት መስመር ከተገኘች የቪዛ መርማሪው ያያታል። ስለዚህ ስቴትመንቱን ከመላክዎ በፊት በእርሳስ መስመር በመስመር ይመልከቱ፤ ከድጎማ የመጣ ገንዘብ በተገኘበት ሁሉ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ አብሮ ይኑር።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የቀናት መጣጣም ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበል ሰው ከብሪታንያ ውጭ ሲቆይ ክፍያው የሚቀጥልለት በመደበኛው እስከ አንድ ወር ነው፤ የቅርብ ዘመድ ሞት የመሰለ ምክንያት ሲኖር ሊራዘም ይችላል። ለሠርጉ ደብረ ማርቆስ መጥቶ፣ መልሱና ቅልቅሉ አልፎ ሁለት ወር የቆየና ጉዞውን ያላሳወቀ ስፖንሰር የማይገባው ክፍያ ወስዶ ሊሆን ይችላል። ለትዳሩ ማስረጃ ብሎ የሚያያይዘው ፓስፖርት ደግሞ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ይናገራል። ማግባትም በዩኒቨርሳል ክሬዲት አካውንት ላይ መነገር ያለበት የኑሮ ለውጥ ነው። ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ እንደ አውሮፓውያን ጥር 21 ቀን 2024 ነው፤ በጋብቻ የምስክር ወረቀቱ ትርጉም ላይ የሚሰፍረው ቀንና ለሚኒስቴሩ የተነገረው ቀን ከተለያዩ ጥርጣሬ ይፈጥራል።

አለመጣጣም ከተገኘ መፍትሔው ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ስፖንሰሩ ሚኒስቴሩን ራሱ አነጋግሮ ማስተካከል ነው። የሚመለስ ገንዘብ ካለ የአከፋፈል ስምምነት ይጠይቅ፤ የስምምነቱን ደብዳቤና የከፈለበትን ደረሰኝም ያስቀምጥ።

ማብራሪያው አጭር ይሁን፤ ቅጹ መጨረሻ ላይ ባለው የተጨማሪ መረጃ ክፍል ወይም በተለየ ደብዳቤ ሊቀርብ ይችላል። ይዘቱም እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል፦ «ባለቤቴ ከመስከረም 2021 እስከ ሰኔ 2023 ሥራ በማጣቱ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ይቀበል ነበር። ሥራ ሲጀምር ለሚኒስቴሩ አሳውቆ ክፍያው ቆሟል። ክፍያው የቆመበት ደብዳቤ ተያይዟል።» ልመናና ረጅም የችግር ታሪክ አይጨመርበት፤ መርማሪው የሚፈልገው ቀኑን፣ ምክንያቱንና ማስረጃውን ነው። ደብዳቤው የጠፋበት ስፖንሰር ከኦንላይን አካውንቱ የክፍያ መግለጫዎቹን ማውጣት ወይም ከሚኒስቴሩ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል።

በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይተርጎም፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ ስሙን፣ ፊርማውን፣ ቀኑንና አድራሻውን ያስፍር። አሻራ መስጠትና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አዲስ አበባ መሄድን ስለሚጠይቁና የዓባይ በረሃ መንገድ ሁልጊዜ ስለማይታመን፣ የድጎማው ወረቀት ተሟልቶ ሳያልቅ ቀጠሮ አይያዝ። ድጎማው ውስብስብ ከሆነ ስፖንሰሩ በዚያው በብሪታንያ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ያነጋግር፤ በዚያ አገር ያለ ፈቃድ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት ወንጀል ነው። እዚህ «ቤኔፊቱን ዝለለው» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ካጋጠመዎት ሰነድዎን ተቀብለው ወደ ሌላ ይሂዱ።