የላዳ የአክስት ልጅ፦ የአሮጌ ፊያት 124 ስፓይደር ችግርና መፍትሄ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ላዳን ያውቃል። ሰማያዊና ነጯን ታክሲ ማለቴ ነው። ላዳ የተቀዳችው ከፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው ቶልያቲ ከተማ ውስጥ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አመረቷት። ከዚያው ከ124 የወጣች ሌላ ዘመድ ደግሞ አለቻት። ሁለት በር፣ የሚታጠፍ ጣሪያ፣ ዝቅ ያለች፣ ስፓይደር የምትባል። ቅርጿን ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን የመኪና ዲዛይን ድርጅት አወጣላት፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ ታየች፤ እስከ 1985 ተሠራች። አብዛኞቹ የተሸጡት አሜሪካ ነው። እኔም የኔን ያገኘኋት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አንድ ሰው ጓሮ፣ በሸራ ተሸፍና ነው። የ1978 ምርት፣ 1756 ሲሲ።

የጣሊያንኛውን ማኑዋል ስገልጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ካንዴላ። ፍሪሲዮን። ካምቢዮ። ቴስታታ። ጓርኒሲዮን። ዳዶ። ካቻቢቴ። ጣሊያንኛ አልችልም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ጋራዥ በር ላይ ተገትሬ የዋልኩት ግን ከንቱ አልቀረም። ስለዚህ እዚህም የምጽፈው በጋራዡ ቋንቋ ነው።

ወደ ችግሮቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። መኪናዋን መጀመሪያ ከፋብሪካ ወደወጣችበት ሁኔታ መልሷት፤ ማሻሻል ከዚያ በኋላ ነው። የኔዋን የሸጠልኝ ሰው "አትስብም" ብሎ ውድ ካርቡሬተር ገጥሞላት ነበር። ችግሩ ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው ሽቦ መበስበሱ ነበር። ካርቡሬተሩ አሁን መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል።

ቀለሟ ያምራል፣ ስትነካ ግን ድምጿ ድፍን ነው

ይሄ ሳትገዙ የሚታይ ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በቦዲው ላይ አስኪዱት። ካልያዘ ከስር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ (የመሙያ ልስን) ነው። በር ላይ ትንሽ ስቱኮ ቢገኝ አትደንግጡ። ኮፈኑን ክፈቱና የፊት አሞርዛተሮች (የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝቡት) ላይኛው ጫፍ የታሰረበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ኮርኮር አድርጉ። ቀጥሎ ከስር ግቡና ሞተሩን የተሸከመውን የፊት አግዳሚ ብረት እዩ። የታችኞቹ የጎማ እጆች የታሰሩበት አካባቢ ይሰነጠቃል።

እነዚህ ሁለት ቦታዎች ከበሰበሱ ሥራው የቀለም ሳይሆን የብየዳ ነው። ጥሩ በያጅ ዋጋውን ከነገራችሁ በኋላ ደግማችሁ አስቡበት። ሌላው ሁሉ በቁልፍና በትዕግስት ይፈታል።

መብራቷ ይደበዝዛል፣ ሞተሪኖው ያቃስታል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል

እዚህ ላይ ልቆይ። ስፓይደር ላይ ከሚገጥሙ ችግሮች ግማሹን እዚህ የምታገኙት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ማሳውን፣ ማለትም የኔጌቲቩን መስመር መርምሩ። መልቲሜትር ያስፈልጋል፤ ርካሹም ይበቃል። አንዱን ዘንግ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹህ ብረት ላይ አድርጉ። ሌላ ሰው ቁልፉን አዙሮ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር፣ ያስጩኸው። መልቲሜትሩ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ታሟል። የኔዋ አንድ ቮልት ተኩል አሳይታኛለች። ገመዱን ስፈታው ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ፈሰሰ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ቡሎኑን ፍቱ፤ ከስሩ ያለውን ቀለምና ዝገት በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፈግፍጉ፤ አዲስ ወፍራም ገመድ እሰሩ፤ በላዩ ትንሽ ቫዝሊን ቀቡ። ኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ሞተሩ ላይና ዳሽቦርዱ ስር ያሉትን ማሳዎች ሁሉ እንደዚሁ አድርጉ። ለዚህ አንድ ቅዳሜ መድቡ።

ቀጥሎ ፊውዞቹ። እንደ ጥይት ጫፍና ጫፋቸው ሹል የሆነ የድሮ አውሮፓ ዓይነት ናቸው፤ በሁለት የላሜራ ጥፍሮች መካከል ይያዛሉ። ጥፍሩ ይዝጋል፣ ይላላል። ፊውዙን በጣታችሁ ስታሽከረክሩት መብራቱ ብልጭ ካለ በሽታው ተገኘ። ጥፍሮቹን ጥረጉ፣ ትንሽ ጨበጥ አድርጓቸው፣ ፊውዞቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ቀይሩ።

ሽታው ግን ከዚህ አይደለም የሚመጣው። ከመሪው ስር፣ ከቁልፍ ማስነሻው ነው። በዚህች መኪና ላይ የፊት መብራቱ ኃይል ጭምር በአንድ ቡናማ ሽቦ በኩል በቁልፉ ውስጥ ያልፋል። ሽቦው ያንን ሁሉ ተሸክሞ አርባ ዓመት ሲግል ኖሯል። የመሪውን ሽፋን ስትከፍቱ ነጩ ሶኬት ቡናማ ሆኖ፣ አንዱ ጉድጓዱ እንደ ሻማ ቀልጦ ታገኙታላችሁ። ሶኬቱን ብቻ ብትቀይሩ አዲሱም ይቀልጣል። ሸክሙን ነው ማቅለል።

ሸክሙን የሚያቀልለው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ። ለረጅሙ መብራት አንድ፣ ለአጭሩ አንድ ግዙ። በእያንዳንዱ ላይ አራት ቁጥሮች ተጽፈዋል። 30 ላይ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ ይገባል፤ መንገድ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ የ20 አምፔር ፊውዝ ይኑረው። 87 ወደ መብራቱ ይሄዳል። 85 ማሳ ነው። ድሮ ወደ መብራቱ ይሄድ የነበረው ሽቦ አሁን 86 ላይ ገብቶ ሪሌውን የመቀስቀስ ሥራ ብቻ ይሠራል። በአጭሩ መብራት ላይ ሁለት የ55 ዋት አምፖሎች ወደ 10 አምፔር ይጠጣሉ። ያ ሁሉ ከቁልፉ ወረደ ማለት ነው። የኔዋ መብራት ላይ ከ10.4 ቮልት ወደ 12 ከፍ ብሏል። ማታ መንገድ የማየት ያህል ትልቅ ማሻሻያ የለም።

ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ትንተፋተፋለች፣ ትጠፋለች

ሁሉም ሰው ካርቡሬተር ላይ ይሮጣል። ቆዩ።

ከፑንቲናው ጀምሩ፤ ከፈት ዘጋ እያለ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሳው ትንሹ ማብሪያ ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስታችሁ ፑንቲናው ፊቱ ጠቁሮ፣ አንዱ ጎን ጉብታ፣ ሌላው ጎን ጉድጓድ ከሠራ ቀይሩት። ክፍተቱ 0.40 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። የሚገፋው ጎን (ተረከዙ) ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ግሪስ አድርጉ። ካላደረጋችሁ ተረከዙ በቶሎ ያልቅና ክፍተቱ ይዘጋል። ካንዴላዎቹንም አውጥታችሁ እዩ። አራቱም ቡናማ ከሆኑ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ችግሩ እዚያ ሲሊንደር ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚያጭበረብር አየር፣ ማለትም በስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ አየር፣ ፈልጉ። የካርቡሬተሩ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ይደርቃል፤ ፍሬኑን ወደሚያግዘው ሰርቮ የሚሄደው ቱቦም ይሰነጠቃል። ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ የተጠረጠረውን ቱቦ በፒንሳ ጭብጥ አድርጉት። ድምጿ ከተስተካከለ ሌባው ተያዘ። ካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ የሚፈልጉም አሉ። ይሠራል፤ ግን ማርሚታው ሲግል እሳት ያነሳል፣ እኔ አልወደውም።

ካርቡሬተሩን አሁን መክፈት ትችላላችሁ። የሚንሞውን ጂግለር (መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ነዳጅ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ብቻ አውጡ፣ በአየር ንፉት፣ ወደ ብርሃን አቅንታችሁ እዩት። ቀዳዳዋ ከፀጉር ብዙ አትወፍርም። ሽቦ አታስገቡባት፤ ትሰፋለች፤ ከሰፋች ወዲያ ያው መግዛት ነው። ቆሻሻው በየሳምንቱ ከተመለሰ ሳልባትዮው (የነዳጅ ማጠራቀሚያው) ውስጥ ዝገት አለ ማለት ነው። ሳይጸዳ ጂግለር ብትነፉ ድካም ነው።

ሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይሄዳል

መቼ ነው የምትሞቀው? ሁሉም ነገር ከዚህ ጥያቄ ይወጣል።

ከተማ ውስጥ ቆማ ከሞቀች፣ ስትሄድ ግን ከቀዘቀዘች፣ ፋኑ አይሠራም። ራዲያተሩ ታችኛው ክፍል ላይ ሁለት ሽቦ የገባበት የሙቀት ማብሪያ አለ። ሁለቱን ሽቦዎች ንቀሉና ቁልፉን ከፍታችሁ አገናኟቸው። ፋኑ ከዞረ ማብሪያው ሞቷል፤ ቀይሩት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ማሳውን እዩ። ያው ወደ ማሳ ተመለስን።

አውራ ጎዳና ላይ በፍጥነት ስትሄድ ከሞቀች ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም ቴርሞስታቱ አልተከፈተም።

ውሃ ከቀየራችሁ በኋላ ከሞቀች አየር ታፍኗል። አፍንጫዋን በክሪክ አንሱ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ አረፋው እስኪያበቃ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። የማሞቂያው አየር ሲግል ውሃው ዞሯል።

መርፌው ቀይ ከነካ "እቤት ልድረስ" አትበሉ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አልሙኒየም ነው፣ ከስሩ ያለው ብሎክ ብረት። ሲግል ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይሄዳል።

ምንም ምልክት የሌለው ችግር

የፊያቱ መሐንዲስ ላምፕሬዲ የሠራው ይህ ሞተር ከላይ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) አለው፤ የሚዞሩት በሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው። ቺንጋው ሊበጠስ ሲል አይጮኽም፣ አይሸትም። ሲበጠስ ግን ቫልቮቹ ይጣመማሉ። ሻጩ "ተቀይሯል" ካለ ደረሰኝ ይጠየቅ። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም።

ቀን ሳታባክኑ ቀይሩት፤ የመወጠሪያውን ኩሽኔታም አብራችሁ። የካምሻፍቶቹንና የክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ምልክት አሰልፉ። ታች ያለችውን ሦስተኛዋን ትንሽ ዘንግም አትርሷት፣ እሷም ቺንጋው ላይ ናት። ከገጠማችሁ በኋላ ሞተሪኖ አትንኩ። ትልቅ ቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር ሙሉ አዙሩ። የሆነ ነገር ደንቀር ካላችሁ አትግፉ፣ ፍቱና እንደገና አሰልፉ። እኔ ይህን ሳደርግ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሦስቴ ነው ያዞርኩት።

ስትነሳ ኳ ትላለች፣ ፍጥነት ስትጨምር ወለሉ ይንቀጠቀጣል

ጎማ ባላንስ ተደርጎ ካልተለወጠ ከስር ግቡ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጀርባ ላይ ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ የታሰረበት ባለ ስድስት ቡሎን የጎማ ቀለበት አለ። ጁቦ ይባላል። ጎማው በቡሎኖቹ መካከል ከተሰነጠቀ አልቋል።

አዲሱ ሲመጣ ዙሪያውን በብረት ቀበቶ ታስሮ ነው። እኔ የማሸጊያው መስሎኝ ቆርጬ ጣልኩት። ጎማው ተነፋና ቀዳዳዎቹ ከቡሎኖቹ ጋር አልገጥም አሉ። ከሰዓቱን በሙሉ ስገፋና ስሳደብ ዋልኩ። ቀበቶው የሚፈታው ስድስቱም ቡሎኖች ከጠበቁ በኋላ ነው።

ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን ትስባለች

አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ አለ፤ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። የሚጎዳው ብዙ ጊዜ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ ነው። ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱን ያስገባል፣ አያስወጣም። የያዘውን ጎማ በክሪክ አንሱና የካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) ማስተንፈሻ ትንሽ ላላ አድርጉ። ዘይት ተፈናጥሮ ጎማው ከተለቀቀ ቱቦው ነው። ካልተለቀቀ የካሊፐሩ ፒስቶን ዝጓል።

የኋላውን የፍሬን ሸራ ስትቀይሩ ፒስቶኑን በሞርሳ አትጫኑት። የእጅ ፍሬኑ እዚያው ካሊፐር ውስጥ ስለሆነ ፒስቶኑ እየዞረ ነው የሚገባው። ይህን የማያውቅ ሰው ካሊፐር ሰብሮ ነው የሚማረው።

አሁን ማሻሻል

ሪሌዎቹን ገጥማችኋል፤ አንድ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ፑንቲናውን አውጥታችሁ እዚያው ክዳን ስር የሚገባ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ አድርጉ። ከውጭ አይታይም፣ የድሮው መልክ አይበላሽም። አሮጌውን ፑንቲና ግን አትጣሉ፤ ከካቻቢቴ ጋር መኪናዋ ውስጥ ይቀመጥ። ጎማውን ከ165 ወደ 185/70 ባለ 13 ኢንች ብታሳድጉ መሪው ትንሽ ይከብዳል፣ ኩርባ ላይ ግን ትወዱታላችሁ። ሁለት ትልልቅ ካርቡሬተር መደርደር ያምራል፣ ይጮኻል፣ በየወሩ ማስተካከል ይፈልጋል። መንገድ ላይ ለሚነዳት ሰው አልመክርም።

ኋላ ኮፈን ሲከፈት ቤንዚን ይሸታል

ይህን መጨረሻ ላይ ጻፍኩት እንጂ ሽታው ካለ መጀመሪያ የሚሠራው ይሄ ነው። ሳልባትዮው ያለው ኋላ ኮፈን ውስጥ ነው። የአሜሪካ ቤንዚን ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፣ የድሮ ጎማ ቱቦ ይበላል። የመሙያውን፣ የመተንፈሻውንና ወደ ሞተር የሚሄዱትን ቱቦዎች ሁሉ ኢታኖል በሚችል ቱቦ ቀይሩ፤ ክላምፖቹንም አዲስ አድርጉ። የኔዋ ባትሪ እዚያው ኮፈን ውስጥ፣ ከሳልባትዮው ማዶ ተቀምጧል። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፍት አድርጋችሁ ጥሩ ጊዜ አናፍሱት። ሽታው ሲጠፋ ኔጌቲቩን ፍቱ፤ ከዚያ ብቻ ቱቦ ንኩ።