አገልግሎት ያቆመ የፋብሪካ ሄሊኮፕተር ማረፊያ በጅማ እንዴት ይዘጋል?

ነጩ «ኤች» ሳይጠፋ የተተወ የፋብሪካ ሄሊኮፕተር ማረፊያ ከአየር ላይ ክፍት ይመስላል። ሞተሩ ያስቸገረው ወይም ዳመና መንገድ የዘጋበት አብራሪ ምልክቱን አምኖ ይወርዳል፤ ታች የሚጠብቀው ግን ዙሪያውን የበቀለ ባህር ዛፍና የሮተሩ (የሄሊኮፕተሩ ተሽከርካሪ ክንፍ) ንፋስ የሚያነሳው ልቅ ቆርቆሮ ነው። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። አብራሪው «ተመልሼ ልነሣ» ቢል የሚተርፈው ጉልበት ጥቂት ነው። ስለዚህ ማረፊያውን የማይጠቀሙበት ከሆነ በግልጽ ይዝጉት።

መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የቦታውን መገኛና የሚዘጋበትን ቀን በደብዳቤ ያሳውቁ፤ ለአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያም ግልባጭ ይስጡ።

ለቀለሙ ሥራ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ይሻላል። የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነ ኮንክሪቱ ላይ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ይበቅላል፤ በዚያ ላይ የተቀባ ቀለም በመጀመሪያው ክረምት ተልጦ ይነሳል። አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ በጥብጠው በጠንካራ ብሩሽ ይፈትጉና በደንብ ያጥቡ። ሦስት ቀን ካደረቁ በኋላ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ዳር ዳሩን በፕላስተር ኮንክሪቱ ላይ ለጥፈው ያሳድሩ። ጠዋት ከሥሩ ላብ ካለ ገና ነው፤ ይጠብቁ።

«ኤች»ውን በጥቁር ቀለም ብቻ መሸፈን የተለመደ ስህተት ነው። ጥቁሩ ሲያልቅ ነጩ ተመልሶ ይወጣል። በግራይንደር ይፋቁት፤ ዙሪያውን ያለውን ነጭ መስመርም እንዲሁ። ከዚያ በመሃሉ ቢጫ «ኤክስ» ይቀቡ፦ እያንዳንዱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት ቢኖረው ከሩቅ ይታያል። ከማዕከሉ 4.5 ሜትር ክር ዘርግተው አራቱን ጫፎች ያመልክቱ። ጎረቤት ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 6.36 ሜትር ከሆነ መስቀሉ ቀጥ ብሏል። ስፋቱ 17 ካሬ ሜትር ነው፤ በአንድ ዙር ለአንድ ካሬ 0.35 ሊትር የመንገድ ቀለም ቢሄድ ለሁለት ዙር 12 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ብክነቱን አስበው 14 ይግዙ። ጤዛው እንዲተን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይጀምሩ፤ ማታ ጤዛ ሳይወርድ እንዲደርቅ 9 ሰዓት ላይ ያቁሙ።

የንፋስ ከረጢቱን ከነምሰሶው ያንሱ። የተቀደደ ወይም ዝጎ የማይዞር ከረጢት የተሳሳተ አቅጣጫ ያሳያል። ዙሪያውን ያሉትን አረንጓዴ መብራቶች ከማከፋፈያ ሳጥኑ ይፍቱ፤ ብሬከር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ አንድ ሰው መልሶ ያበራዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጣም ይጠንቀቁ፦ አብራሪዎች እንዳይጋጩ የሚያስጠነቅቀው የጭስ ማውጫውና የውሃ ታንከሩ ቀይ መብራት ከዚሁ መስመር ኃይል የሚያገኝበት ፋብሪካ አለ። ገመዱን ሳይከታተሉ አይቁረጡ፤ ማረፊያው ቢዘጋም ቀዩ መብራት ሌሊቱን ሙሉ መብራት አለበት።

የነዳጅ ታንክ ካለ ጥንቃቄው ይበልጣል። ጄት ኤ-1 በጠባዩ ለነጭ ጋዝ የቀረበ ነው፤ 38 ዲግሪ ሲደርስ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። «ባዶ ነው» ተብሎ በብየዳ የሚቆረጥ ታንክ የሚፈነዳው በግድግዳው የቀረው ጥቂት ነዳጅ በብየዳው ሙቀት ስለሚተን ነው። ዝቃጩን ያስወጡ፣ በውሃ ያጥቡ፣ ትነቱን በጋዝ መለኪያ ያረጋግጡ። የቆየውን ነዳጅ ለምድጃም ሆነ ለፋኖስ ለማንም አይስጡ።

ሜዳው ከተዘጋ በኋላ ቡና ማስጫ ሊያደርጉት ያስቡ ይሆናል። ቡና ሽታ ይስባል። ነዳጅ ይቀዳበት የነበረው ጥግ ላይ ውሃ ያንጠባጥቡ፤ ጠብታው ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ከቆመ ዘይት ገብቶበታል ማለት ነው። ያንን ክፍል ይከልሉት፤ በቀረው ላይም ቡናውን በቀጥታ አያስጡ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ያድርጉት።