አሽዋጋንዳን በወተት እንዴት እናፍላ

አሽዋጋንዳን አሁን ብዙ ሰው ለእንቅልፍ ለጭንቀት ምናምን እያለ በካፕሱል ነው የሚውጠው፣ ህንዶቹ ግን አዩርቬዳ በሚሉት ባህላዊ ሕክምናቸው ከጥንት ጀምሮ ሥሩን በወተት ያፈሉታል፣ ክሺራፓካ ይሉታል። ተክሉ ለኛም እንግዳ አይደለም፣ በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር የምናየው፣ ቡዳ በላው ለተባለ ሰው የሚታጠነው ግዛዋ ራሱ ነው።

መጀመሪያ ሥሩን አግኙ። ህንድ ውስጥ ዱርም ይበቅላል፣ በማድያ ፕራዴሽና ራጃስታን ደግሞ ገበሬዎች በክረምቱ ዝናብ ዘርተው ከጥር ጀምሮ ይነቅሉትና ሥሩን ቆራርጠው ያደርቁታል። ዱቄቱን ከህንድ ሱቅ ስትገዙ ሥር ብቻ መሆኑን አንብቡ፣ ቅጠል የተቀላቀለበትን ተዉት። እባካችሁ ሰፈር ያያችሁትን ግዛዋ ነቅላችሁ አታፍሉ፣ ከነአስተናግር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ የማያውቅ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ቀዩን ፍሬም ልጆች እንዳይበሉት።

ከዛ መለካት ነው። የድሮው ልክ 1 እጅ ሥር፣ 8 እጅ ወተት፣ 32 እጅ ውሃ ነው። ማለትም ለ5 ግራም ዱቄት 40 ሚሊ ወተትና 160 ሚሊ ውሃ፣ ለአንድ ሰው የቀን ይሄ ይበቃል፣ በዛ ብሎ የተሻለ አይሰራም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ትንሽ ድስት ውስጥ መጀመሪያ ወተቱን ብቻ አድርጉና ንጹህ እንጨት ነክራችሁ እርጥበቱ የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዛ ውሃውንና ዱቄቱን ጨምሩ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ እያማሰላችሁ ውሃው ሁሉ ተኖ ምልክቱ ጋ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ቸኩላችሁ እሳት ከጨመራችሁ ወተቱ ያርርና ሽታው አያስጠጋም። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ግማሽ ሲኒ ገደማ ነው። በጥሩ ጨርቅ አጥልሉት። ይመራል፣ ማር ከፈለጋችሁ ለብ ካለ በኋላ ነው የሚገባው፣ አዩርቬዳ ማር ማፍላትን ይከለክላል። ማታ ከመተኛት በፊት ይጠጣል።

እርጉዝና የምታጠባ ሴት፣ የጉበት ወይም የታይሮይድ ችግር ያለበት፣ የእንቅልፍ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይነካው። ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች አሉ፣ ዴንማርክም በ2023 ከልክላዋለች። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ ወይም ሰውነታችሁን ካሳከካችሁ ወዲያው አቁሙና ሆስፒታል ሂዱ፣ ምን ስትጠጡ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩት።