የጓሮ ጽጌረዳን ለሚኒሶታ ብርድ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

አዲስ አበባ ላይ ጽጌረዳ ዓመቱን ሙሉ ይፈካል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ግን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ያም ሆኖ ተክሉን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ አይደለም። በማርች ቀን ላይ ፀሐይ ግንዱን ታሞቀዋለች፣ ሌሊት መልሶ ይበርዳል፤ በዚህ መፈራረቅ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ደረቅ ነፋስ ደግሞ ከግንዱ ውኃ ይመጥጣል፤ መሬቱ በረዶ ስለሆነ ሥሩ ሊተካው አይችልም። እንግዲህ ሽፋን የሚደረገው ተክሉን ለማሞቅ ሳይሆን አንዴ ከበረደ እንደበረደ እንዲከርም ነው። ብዙ ሰው ቸኩሎ በመሸፈን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በቅድሚያ ምን ዓይነት ጽጌረዳ እንዳለዎት ይለዩ። ዊልያም ባፊንና ጆን ካቦት የተባሉት የካናዳ ዝርያዎች፣ እንዲሁም ሩጎሳ የሚባለው የጽጌረዳ ዓይነት፣ ብርዱን ያለ ሽፋን ይችሉታል፤ አይድከሙባቸው። ጣጣው ያለው ሃይብሪድ ቲ እና ፍሎሪባንዳ የሚባሉት የጽጌረዳ ዓይነቶች ላይ ነው። እነዚህ በአብዛኛው በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተዳቀሉ ስለሆኑ ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጉብ ያለ ቋጠሮ አላቸው። ቋጠሮው ከሞተ የገዙት አበባ ሞተ ማለት ነው። ቢጫ የነበረው ጽጌረዳ በጁን ወር ትንንሽ ጥቁር ቀይ አበባ ካወጣ፣ የበቀለው ከታች ያለው ሥር ነው፤ ብዙ ጊዜም ዶክተር ሁዌይ የሚባለው ዝርያ ይሆናል። አዲስ ሲተክሉ ቋጠሮውን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከአፈር በታች ይቅበሩት።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በበጋ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲገባ ናይትሮጂን ያለበትን ማዳበሪያ ያቁሙ፤ ዘግይቶ የሚወጣ ለጋ ቅርንጫፍ በመጀመሪያው ውርጭ ይጠቁራል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ የጠወለገ አበባ አይቁረጡ፣ ፍሬ ይያዝ፤ ተክሉ ማደጉን የሚገታው ያኔ ነው። ውኃ ግን አይቋረጥበት። መሬቱ እስኪበርድ ድረስ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል ያጠጡ። ደርቆ በረዶ የገባ ጽጌረዳ ሽፋን አያድነውም።

በኦክቶበር የወደቀውን ቅጠል ለቅመው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉ። ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት፤ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣው ፈንገስ በቅጠሉ ላይ ከርሞ በጸደይ ይመለሳል። መግረዙ ለጸደይ ይቆይ። አሁን የሚቆረጠው ከ90 ሴንቲ ሜትር የሚያልፈው ብቻ ነው፤ እሱም ነፋስ እያወዛወዘ ሥሩን እንዳያላላው።

ሁለት ሦስት ጠንካራ ውርጭ ካለፈ፣ ማለትም በኦክቶበር መጨረሻ ወይም በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ግንዱን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አፈር ያስታቅፉ። ለአንድ ተክል 30 ሊትር ያህል፣ ሁለት ትልልቅ ባልዲ ይበቃል። አፈሩ ከሌላ ቦታ ይምጣ፤ ከዚያው ከተክሉ ዙሪያ ከተዛቀ ሥሩ ይጋለጣል። ቁልሉ ላዩ በርዶ ሲጠጥር፣ በኅዳር ሚካኤል አካባቢ፣ ዙሪያውን በዶሮ ሽቦ አጥረው ደረቅ ቅጠል ይሙሉበት። የኦክ ቅጠል ይመረጣል፤ የሜፕል ቅጠል ሲረጥብ ተጣብቆ አየር አያስገባም። አፈሩ ሳይጠጥር ቅጠል ከተሞላ አይጥ ጎጆ ትሠራበትና ክረምቱን ሙሉ ቅርፊት ስትግጥ ትከርማለች። ከሱቅ የሚገዛው የፎም ቆብ ከላይ በኩል መተንፈሻ ቀዳዳ ካልተበጀለት ፀሐያማ ቀን ላይ ውስጡ ይሞቃል፤ እንደኛ አስተያየት ቅጠሉ ይሻላል።

ከሁሉም አስተማማኙ «ሚኒሶታ ቲፕ» የሚሉት ዘዴ ነው፤ ተክሉ እንዳለ ተኝቶ ይቀበራል። ጉልበት ስለሚጠይቅ ለሚወዱት ጽጌረዳ ብቻ ያድርጉት። በኦክቶበር አጋማሽ ቅርንጫፎቹን በናይለን ገመድ ጠቅልለው ይሰሩ። በአንድ ወገን የተክሉን ቁመት ያህል የሚረዝም ቦይ ይቆፍሩ። በተቃራኒው ወገን አፈሩን ባለ ጥርስ መቆፈሪያ ያላሉና ተክሉን ቀስ አድርገው ወደ ቦዩ ያጋድሙት። መታጠፍ ያለበት ከቋጠሮው በታች ያለው ሥር ነው። ቅርንጫፉን ይዞ የሚጎትት ሰው ቋጠሮው ላይ ይሰብረዋል፤ አልጋደም ካለ ተጨማሪ አፈር ያላሉ እንጂ አይታገሉት። ከዚያ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አፈር ያልብሱት፤ መሬቱ ሲጠጥር ቅጠል ይከምሩበት። በግድግዳ ላይ የሚወጣ ጽጌረዳም ከድጋፉ ተፈትቶ መሬት ላይ ተኝቶ ይሸፈናል።

በማሰሮ የተተከለው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ማሞቂያ ወደሌለው ጋራዥ ይግባ፤ በወር አንዴ ትንሽ ውኃ ይበቃዋል። ዋሽንግተንና ሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁ ከዚህ ሁሉ የሚያስፈልጋችሁ በዲሴምበር 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ማስታቀፍ ብቻ ነው።

ኤፕሪል ላይ ሽፋኑ እንደሟሟ ቀስ በቀስ ይነሳ። የበረደ ጓል አይፈንቅሉ። ቁልሉንም በመቆፈሪያ ሳይሆን በጎማ ውኃ እያጠቡ ያንሱት፤ ከሥሩ የወጣው ቀይ ቡቃያ ሲነካ ይሰበራል። ፎርሲቲያ የሚባለው ቁጥቋጦ ቢጫ አበባው ሲፈካ ጽጌረዳውን ይግረዙ። ቅርፊቱ አረንጓዴ መሆኑ አያታልልዎ፣ የተቆረጠውን መሃል ይዩ፦ ቡናማ ከሆነ ሞቷል፣ ነጭ እስኪሆን ወደ ታች ይቁረጡ። ከአፈር በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢቀር እንኳ ከዚያ ያቆጠቁጣል።